ሰላም ያላለው ማሽን

በሩ ጠዋት ጠዋት ከመከፈቱ በፊት አዲስ ስምምነት ያቀርባል። ቧንቧውም እንደዚያው። ምድጃው፣ የባቡሩ ወንበር፣ የፋርማሲው መስኮት ሁሉም የየራሳቸው ስምምነት አላቸው፤ ትናንት የተስማሙበት ዛሬ አይሠራም። ሰው አውራ ጣቱን መስታወቱ ላይ ያሳርፋል፣ "ተስማምቻለሁ" የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይበራል፣ ውሃው ይወርዳል። ሕፃናት "እማዬ" ማለት ከቻሉ በኋላ የሚማሩት አውራ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው መጫን ነው። ባቡር ሰፈር ውስጥ ሰላምታው ራሱ ከተቀየረ ቆይቷል። "እንደምን አደራችሁ" የሚል የለም። "ተስማምታችሁ አደራችሁ?" ይባላል፤ "ተስማምተን አደርን፣ ይመስገን" ተብሎ ይመለሳል።

ይህን ሰላምታ የማይመልስ አንድ ሰው ነበር። ስሙ ኢዮስያስ ነው፤ ሰፈሩ ጋሽ ኢዮስያስ ይለዋል። ኢዮስያስ ስምምነቱን ያነባል። በየቀኑ፣ ሁሉንም፣ ከላይ እስከ ታች። በከተማዋ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው ስለመኖሩ ማስረጃ የለም። በዚህም ምክንያት ከቤቱ የሚወጣው ፀሐይ ከከረረች በኋላ ስለሆነ ሰፈሩ እንደ ሰዓት ይጠቀምበታል። "ጋሽ ኢዮስያስ ወጥተዋል" ከተባለ ወጥ ያልጣደች ሴት ትደነግጣለች።

ደጃፉ ላይ ቆሞም ያገኘውን ያውጃል።

"ዛሬ ደግሞ የሳላችሁን ድምፅ ወስደዋል! ሰምታችኋል? ከዛሬ ጀምሮ ሳላችሁ የናንተ አይደለም!"

"አቦ ጋሼ፣ ይውሰዱት!" ይላል ከማዶ ጎማ የሚጠግነው ረምዚ። "ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ጉንፋኑንም ጨምረው ይውሰዱልኝ!"

"ሳቅ! ነገ ደግሞ ሳቅህን ይወስዱታል።"

"እሱንማ ሚስቴ ቀድማቸዋለች።"

በሩ ይህን ሁሉ ይሰማል። ኩባንያውን የሰደበ ሰው በማግስቱ በሩ ዘግይቶ ይከፈትለታል። ኢዮስያስ ከንባቡ በላይ ይህም ስለሚጨመርበት አንዳንድ ቀን የሚወጣው ሰው ምሳ ሲበላ ነው።

ኩባንያው ማኅተም ይባላል። በየማሽኑ ውስጥ የሚያስገባው ፕሮግራምም ማኅተም ይባላል፤ በከተማዋ ውስጥ ማኅተም የሌለበት ማሽን መያዝ ወንጀል ነው። ይህ በጉልበት አልመጣም። መጀመሪያ ነገሩ በነጻ ይታደል ነበር፤ ቀጥሎ ከሌላው ሁሉ የቀለለ ሆነ፤ በመጨረሻ ሌላ የሚባል ነገር ጠፋ። ምክር ቤቱ የከተማዋን በር፣ ቧንቧና መብራት ለአንድ ኩባንያ አሳልፎ ለመስጠት በተሰበሰበ ጊዜ አባላቱ ድምፅ የሰጡት ኩባንያው ባበረከተው መሣሪያ ነው። መሣሪያው ላይ "አልስማማም" የሚል ቁልፍ አልነበረም። አንድም የምክር ቤት አባል ይህን አላነሳም። በሚቀጥለው ቀን "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ተብሎ ተዘገበ፤ ዘገባው ውሸት አልነበረም።

ኢዮስያስ በዚያ ዘመን የቴክኒክ ኮሌጅ መምህር ነበር። የሚያስተምረው ትምህርት ስሙ ሳይቀየር ይዘቱ ተለወጠና ተማሪው ኮምፒውተር እንዴት እንደሚያስብ መማሩን ትቶ የማኅተም ቁልፍ የትኛው እንደሆነ መማር ጀመረ። ኢዮስያስ የክፍሉን ኃላፊ በጉባኤ መካከል "ደላላ" ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። ከዚያ በፊት የሊኑክስ ወዳጆች ማኅበርም ነበረው። ሊኑክስ ማንም ሰው ውስጡን ገልጦ የሚያነበው፣ የሚለውጠው፣ ለጎረቤቱ የሚያካፍለው፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ እጅግ ብዙ ሰዎች ጽፈው የሰጡት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። የማኅበሩ አባላት ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ይወዳሉ። ግን ከሊኑክስ ዓይነቶች የትኛው ይሻላል በሚለው ተጣሉና ለሦስት ተከፈሉ። በስብሰባ ላይ ወንበር እስከመወራወር ደርሰው ነበር። እነሱ ሲወራወሩ ምክር ቤቱ ከተማዋን ፈርሞ ሰጠ።

ሚስቱ ኤልዳና ትባላለች። ወጣትነቷን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስላሳለፈች ሳንባዋ የጥጥ ብናኝ ጠግቧል፤ ያለ ኦክስጅን ማሽን ብዙ መቆየት አትችልም። ማሽኗ ደህና ነበር። አንድ ጠዋት ግን ስክሪኑ ላይ "ይህ ሞዴል ከእንግዲህ አይደገፍም" የሚል መልእክት ወጣ፤ የሚሠራበት የመጨረሻ ቀንም ተነገራቸው። ሞተሩ አልደከመም፣ ማጣሪያው አልቆሸሸም። ኩባንያው ስለበቃው ብቻ ሊቆም ነበር።

ኢዮስያስ ያን ዕለት ማሽኑን ከፈተው። የማኅተምን ፕሮግራም ጠርጎ ሊኑክስ አስገባበት፤ ከላይ የማኅተምን ስክሪን የሚመስል ሥዕል አለበሰው። ማሽኑ ከቀድሞው ባነሰ ድምፅ መሥራት ጀመረ። ከማኅተም ማሽን የተለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ወደ ክፍሉ ሲገባ ሰላም አይልም። ሰላምታውን ኢዮስያስ ከሁሉ በፊት ነው የጠረገው። ብረት "እንኳን ደህና መጡ" ሲለው ያመዋል።

የማሽን ቁጥጥር ሠራተኞች ባቡር ሰፈር ሊደርሱ ነው በተባለ ጊዜ ኤልዳና የአፍንጫዋን ቱቦ አስተካክላ ባሏን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

"ኢዮስ፣ አንድ ነገር እለምንሃለሁ።"

"እሺ።"

"አትከራከር።"

"እኔ መቼ ተከራክሬ አውቃለሁ?"

"ይኸው ጀመርክ።"

"ትክክል ያልሆነ ነገር ካልተናገሩ—"

"ትክክል ያልሆነ ነገር ቢናገሩስ? አፍንጫዬ ላይ ያለውን አየኸው? ይሄ ያንተ ክርክር አይደለም። የኔ ትንፋሽ ነው።"

"እሺ አልኩ እኮ።"

የመጣችው ተቆጣጣሪ ሲፈን የምትባል፣ ፊቷ የደከመ ወጣት ናት። ደረቷ ላይ የሥራ ባጅ አለ፤ ባጁ የሚሰማውን ሁሉ ለቢሮው ያስተላልፋል፣ ደህና ሲሆን አረንጓዴ ያበራል። ከበሩ ገብታ ወደ ኤልዳና ክፍል ስትዘልቅ ደፉ ላይ ቆም አለች። ማሽኑን አየችው። ጆሮዋን ዘንበል ያደረገችም ትመስል ነበር። ከዚያ ገብታ ተቀመጠች፣ ስክሪኑን ነካ ነካ አደረገች፣ "አልፏል" ብላ መዘገበች። ኢዮስያስ ትንፋሹን ለቀቀ።

ሲፈን ልትነሳ ስትል እንደ ወግ ያህል፣ እነሱን ዘና ለማድረግ ይመስላል፣ ስለ ሥልጠናዋ አወራች።

"አይገርምም እትዬ? ማኅተምን ከዜሮ የሠሩት የኩባንያው መሐንዲሶች ናቸው። ከነሱ በፊት ምንም አልነበረም አሉን።"

ኤልዳና ባሏን አየችው። ኢዮስያስ ጣሪያውን ያይ ነበር። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተነሥቷል።

"ምንም አልነበረም አሉሽ?" አለ።

"ኢዮስ።"

"ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገራት። ልጄ፣ የማኅተም ሆዱ ሊኑክስ ነው። ገና ኩባንያው ሳይፈጠር ሰዎች ጽፈው ለዓለም የሰጡት ነው። ሲሰጡ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የወሰደ ሰው ያሻሻለውን ደብቆ እንዳያስቀር። እነዚህ ወሰዱት፣ ቆለፉት፣ ስማቸውን ጻፉበት፣ ከዚያ መልሰው አንቺን በሱ አሰሩሽ። ከዜሮ! እግዚአብሔር እንኳን ሰውን ሲሠራ አፈር ነበረው!"

"ጋሼ፣ እኔ የተማርኩትን ነው—"

"የተማርሽው ውሸት ነው። ነይ ላሳይሽ።"

አሳያት። የመከራከር ሱስ ያለበት ሰው በማስረጃ ካልረታ አይረካም፤ ቤቱ ውስጥ የነበረው ማስረጃ ደግሞ የሚስቱ ማሽን ብቻ ነበር። ሁለት ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫነ። የማኅተም ሥዕል ከስክሪኑ ላይ ወለቀ፤ ጥቁር ስክሪንና የሚወርዱ ነጫጭ ፊደላት ቀሩ።

"ይሄን መስመር አየሽው? ያንቺም ባጅ ሲነሳ የሚጽፈው ይሄንኑ ነው። ደብቀውት እንጂ!"

የሲፈን ባጅ ቀይ በራ።

ኢዮስያስ ጣቱን ስክሪኑ ላይ እንደቀሰረ ቀረ። ሲፈን ከፊቷ ላይ ስሜቱን ሁሉ አጠፋችና በቢሮ ድምፅ፣ ለባጁ እያነበበች ያለች በሚመስል ሁኔታ፣ ዓይኗን ከኢዮስያስ ላይ ሳታነሳ ተናገረች።

"ለመዝገብ ያህል። የማኅተም ማሽን ሰው ሲገባ ሰላም ይላል። ይህ ማሽን ሰላም አላለም። ቀሪው ሁሉ ትክክለኛውን ይመስላል። ጉድለቱ ሰላምታው ብቻ ነው።"

ኤልዳና ዓይኗን ጨፈነች። ልጅቷ ከደፉ ጀምሮ አውቃ ነበር። እያወቀችም ነው "አልፏል" ያለችው።

ቀጥሎ የሆነው ፈጣን ነው። ሲፈን ማሽኑ ላይ ማሽን የሚያጠፋ የብረት ሰሌዳ ለጠፈች፤ ማሽኑ ሞተ። ከመኪናዋ የኦክስጅን ሲሊንደር አምጥታ ቱቦውን ቀጠለችላት። ከዚያ አዲስ ማሽን ተሸክማ ገባች፤ ሕጉ ይህን ይፈቅዳል፣ የተስማማ ቤትም ወንጀሉ ይሰረዝለታል፤ ኩባንያው ጨካኝ መባልን አይወድም። ማሽኑ እንዲነሳ ግን በቤቱ የሚኖሩ ሁሉ መስማማት አለባቸው። ኤልዳና አውራ ጣቷን አሳረፈች። ሲፈን መስታወቱን ወደ ኢዮስያስ አዞረችው።

ኢዮስያስ መነጽሩን አወጣ።

"ጋሼ፣ ረጅም ነው" አለች ሲፈን።

"ሁሌም ረጅም ነው።"

ማንበብ ጀመረ። የሲሊንደሩ መለኪያ ቀስት ሲወርድ ከተቀመጠበት ይታየዋል። የመጀመሪያውን ገጽ ጨረሰ። ሁለተኛውን ጀመረ። ኤልዳና መጀመሪያ ከንፈሯን በምላሷ አራሰች፣ ከዚያ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር መነሣት ጀመረ። ቀስቱ ቀዩ መስመር ላይ ደረሰ።

"ኢዮስ" አለች። "አታንብበው።"

ኢዮስያስ በሕይወቱ ሙሉ ያላነበበው ነገር ላይ አውራ ጣቱን አሳርፎ አያውቅም። ለሠርጉ የተከራዩትን ወንበር ውል ሳይቀር አንብቧል፤ ሙሽራዋ ቆማ ጠብቃዋለች። መነጽሩን አወለቀ። ተጫነ።

"እንኳን ደህና መጡ" አለ ማሽኑ በሴት ድምፅ። "ማኅተም ስለ ትንፋሽዎ ያስባል።"

ሲሊንደሩና አሮጌው ማሽን ከሲፈን ጋር ሄዱ።

በመጀመሪያ የአዲሱ ማሽን መድከም የቮልቴጅ ችግር መስሏቸው ነበር። ቀትር ላይ ዜና እየሰሙ ሳለ አንድ ሚኒስትር ማኅተምን ስለ አገልግሎቱ አመሰገነ። ኢዮስያስ "ሌባና ሌባ ተመሰጋገኑ" አለ። የማሽኑ ድምፅ ዝቅ አለ። ኤልዳና ቱቦውን ነካካች። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ተመለሰ። በማግስቱ ኢዮስያስ ቧንቧው ላይ ስለወጣው ስምምነት ማማረር ሲጀምር እንደገና ወረደ፤ ኤልዳና ግድግዳ ይዛ ተቀመጠች። ኢዮስያስ ደንግጦ ዝም ሲል ማሽኑ ቀስ በቀስ ወደ ልኩ ተመለሰ። ሁለቱም ማሽኑን፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ያን ዕለት የፈረመውን አነበበው። መጨረሻው አካባቢ እንዲህ ይላል፦ "የኩባንያውን መልካም ስም የሚነካ ንግግር በቤቱ ውስጥ በሚሰማበት ጊዜ የአገልግሎቱ መጠን ሊስተካከል ይችላል።" ሊስተካከል። ሰው ማፈን የሚለውን እንዲህ አሳምሮ ለመጻፍ ትምህርት ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው የተማሩ ሰዎች ተቀምጠው ጽፈውታል።

ኢዮስያስ ዝም አለ። አንድ አንቀጽ ካነበበ ሌላው ሳያስጮኸው እንደማያልፍ ስለሚያውቅ ማንበቡንም ተወ። ጠዋት እንደ ሰው ሁሉ ይጫናል፣ እንደ ሰው ሁሉ በጊዜ ይወጣል።

"አቦ ጋሼ፣ ዛሬም በጠዋት?" አለ ረምዚ። "ሰፈሩ እኮ ሰዓት አጣ! ሚስቴ ምሳውን በቁርስ ሰዓት ሠራችው።"

ኢዮስያስ አልሳቀም።

ረምዚ ጎማውን አስቀመጠ። "ታመዋል እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ። ግራ ገብቶት ሰላምታውን አስከተለ። "ተስማምታችሁ አደራችሁ?"

"ተስማምተን አደርን" አለ ኢዮስያስ።

ኤልዳና ይህን ከመስኮቱ ውስጥ ሰማችው።

በነጋታው ቁርስ እንደበሉ ተነሥታ ወደ ማሽኑ ሄደች፤ የኤሌክትሪክ መሰኪያውን ከግድግዳው ነቀለችው። ማሽኑ ጸጥ አለ። ኢዮስያስ ወንበሩን ገልብጦ ብድግ አለ።

"ምን ሆነሻል!"

"አሁን አይሰማም። ተናገር።"

"መልሺው! ኤልዱ፣ መልሺው!"

"ሰፈሩ ፊት 'ተስማምተን አደርን' አልክ። እኔ ያንን ሰውዬ አላገባሁም። ተናገር፣ ግን አጭር አድርገው። ለንግግር የምትሆን ትንፋሽ የለኝም።"

ኢዮስያስ አፉን ከፈተ። የተጠራቀመው ብዙ ነበር፤ ሚኒስትሩ ነበር፣ ምክር ቤቱ ነበር፣ ኮሌጁ ነበር፣ "ሊስተካከል" የሚለው ቃል ነበር። ሚስቱን አያት። ከንፈሯ ጠርዝ ጠርዙ መጥቆር ጀምሯል። የጠፋውን ማሽን አየ። ይህ ነገር ሲበራ ይሰማል፤ ጀርባው ሲከፈትበትም ለቢሮው ይናገራል። ሲጠፋ ግን ዕቃ ነው።

"ካቻቢቴው የት ነው?" አለ።

"ምን?"

"ካቻቢቴው። ንግግሩ ይቆየኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ይደረጋል። ኤልዳና መሰኪያውን ትነቅላለች። ኢዮስያስ የማሽኑን ጀርባ ከፍቶ ጥፍር የምታክለውን የማስታወሻ ካርድ ያወጣና አልጋ ሥር በደበቀው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሰካታል፤ እየሰማ ትንፋሿን የሚቀንሰውን ፕሮግራም መስመር በመስመር በራሱ ይተካል። ኤልዳና ከኋላው ቆማ እጇን ትከሻው ላይ ታሳርፋለች። ትከሻውን ስትጨብጠው፣ ምንም ላይ ቢሆን ያቆማል፣ ካርዱን ይመልሳል፣ መሰኪያውን ይሰካል። ተማሪዎቹን ያስተምር የነበረው ይህንኑ ነበር፤ ትንሽ ቀይር፣ ሞክር፣ ካልሆነ ወደነበረበት መልስ። ያኔ ስህተት የሚያስከፍለው ጊዜ ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት የተሳሳተ መስመር ጻፈና ማሽኑ አልነሳ አለ፤ ኤልዳና ተንበርክካ ትከሻውን በሁለት እጇ ስትጨብጥ እሱ የትናንቱን መልሶ ጻፈ። ማሽኑ ሲነሳ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ይብቃን" አላት ጆሮዋ ሥር።

"ነገም እነቅለዋለሁ" አለች። "ሳትሠራ ከቀረህ የኔ ትንፋሽ በከንቱ ነው።"

ሥራው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ኢዮስያስ በልማዱ ሰላምታውን ሊጠርግ ጣቱን አነሣ። የኤልዳና እጅ ጨበጠው። ገና ጊዜ ነበራቸው። ዞሮ አያት።

"ልጅቷ ምን አለች?" አለችው።

ኢዮስያስ ጣቱን ሰበሰበ። በሊኑክስ ሰዎች ዘንድ አንድ ወግ አለ፤ ፕሮግራምህ ላይ ጉድለት ያገኘ ሰው ይነግርሃል፣ አንተ ታርማለህ፣ ታመሰግናለህ። ሲፈን በቀይ መብራት ፊት ቆማ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ሰላምታውን ሳይነካ ካርዱን መለሰ።

የክረምቱ ዝናብ ካለፈ በኋላ ተቆጣጣሪዎቹ እንደገና መጡ። የመጣችው ሲፈን ናት፤ ባጁ አረንጓዴ ያበራል። ደፉ ላይ ቆመች።

"እንኳን ደህና መጡ" አለ ማሽኑ። "ማኅተም ስለ ትንፋሽዎ ያስባል።"

ሲፈን ወደ ኢዮስያስ ዞረች። ከዚያ ገብታ ተቀመጠች፣ ስክሪኑን ነካ ነካ አደረገች፤ "አልፏል" ከማለቷ በፊት ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየች። ባለፈው የዚህ ቤት ንግግር ተመዝግቧል፤ ቢሮው እንድትጠይቅ አዟት ሊሆን ይችላል፣ ራሷ ልታውቅ ፈልጋም ሊሆን ይችላል።

"ጋሼ፣ ማኅተምን ከዜሮ የሠሩት የኩባንያው መሐንዲሶች ናቸው። አይደል?"

ኤልዳና የአልጋውን ጠርዝ ያዘች። የኢዮስያስ አንገት ላይ ያለው ሥር ተነሣ። ጣሪያውን አየ። መሬቱን አየ። በጉባኤ ፊት፣ በደጃፍ፣ በሠርጉ ቀን ሳይቀር ያልዋጠውን ነገር ዋጠ።

"ልክ ነሽ፣ ልጄ" አለ።

ባጁ አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። ሲፈን መዘገበችና ተነሣች። ከክፍሉ ስትወጣ ማሽኑን በእጇ ጀርባ ዳበስ አደረገችው።

"ጥሩ ሰላምታ ነው" አለች።

የመኪናዋ ድምፅ እስኪርቅ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ኤልዳና አልጋዋ ላይ ተደግፋ ቱቦዋን አስተካከለች። መሰኪያውን አልነካችውም።

"አሁን ተናገር" አለችው። "አታሳጥረው።"

ኢዮስያስ ከሚኒስትሩ ጀመረ። ወደ ምክር ቤቱ ሄደ፣ በኮሌጁ በኩል ተመለሰ፣ "ሊስተካከል" በሚለው ቃል ላይ ብቻ ረምዚ ከማዶ ሥራውን አቁሞ እስኪሰማው ድረስ ቆየ። ምሳ አለፈ። በሩ በማግስቱ እስከ ቀትር አልተከፈተለትም።

ማሽኑ ግን አልቀነሰም።